ለሻምፒዮናው የተነፋው ጡሩምባ

ኤልም ጋፕ፣ ፔንሲልቬንያ
ዲሴምበር 7 ቀን 1928

እትዬ ማግዴ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እንደምን እንደሰነበትሽማ አውቃለሁ። ሰው መርዶ ሲያረዳ ጎረቤት ሰብስቦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ነው፤ እኔ ግን የአባታችንን ሞት በአንዲት ቁራጭ ቴሌግራም ወረወርኩብሽ። ይቅር በይኝ። ፖስታ ቤት ቆሜ ከዚያ የተሻለ ቃል አጣሁ።

ረቡዕ ቀበርነው። ሳጥኑን የተሸከሙት የቡድናችን ልጆች ናቸው፤ እኔም ከፊት ነበርኩ። እማማ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም። ከቀብር ተመልሳ የሥራ ልብሱን አጥባ ገመድ ላይ አሰጣችው። በብርዱ እንጨት ሆኖ እስካሁን እዚያው ተሰቅሏል፤ ለማውረድ የደፈረ የለም።

ስለ ወንድማችን ስለ ብሮኒስ ባልሽው ተስማምተናል። ሐኪሙ የጎድን አጥንቱን ቆርጦ የታመመ ሳንባውን ሊያስተኛለት ከሆነ፣ እስከዚያም ልቡ መደንገጥ የለበትም ካለ፣ እኛ ማን ነንና እንከራከራለን? ጋዜጣ እንኳ እንዳያነብ በጀርባው አስተኝተውት የለ፤ የሚሰማው አንቺ የምታነቢለትን ብቻ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ፖስታ ሁለት ወረቀት እልክልሻለሁ። አንዱ ያንቺ ነው። «ለብሮኒስ» ያልኩበትን ድምፅሽን አሳምረሽ አልጋው አጠገብ አንብቢለት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ እዋሻለሁ፤ አንቺም አግዢኝ።

አባባ ለምን ወረደ ላልሽው፣ በእኔ ተራ ነው የወረደው። እሁድ የከሰል ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሰው የውሃ መሳቢያው ተረኛ ብቻ ነው፤ ተረኛው እኔ ነበርኩ። የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ ባለ ቀን የቡድኑን ልጆች ተራ አባት ወይም አጎት ይወርድላቸዋል፤ አለቃው አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ብሮኒስ ይጫወት በነበረበት ዘመንም እንዲሁ ነበር። አባባ ግን ጉድጓድ ከተወ ዓመታት አልፈዋል፤ ላይ ሆኖ ከከሰሉ ድንጋይ ሲለቅም ነው የኖረው። ቅዳሜ ጫማዬን ስቀባ መጥቶ «ያንተን ተራ እኔ እወርዳለሁ፤ አንተ ብቻ ኳሷን አትጣል» አለኝ። አልተከራከርኩትም። ሻምፒዮና ነዋ።

ወንድምሽ ካዚስ

ለብሮኒስ

ጋሼ፣ የተራራው አየር እንዴት ይዞሃል? እኛ ሁላችን ደህና ነን። ወሬውን ላቆይብህ አልችልም፤ የሸለቆውን ዋንጫ ወስደናል። ኬርን ሂሎችን ስድስት ለባዶ። ሜዳው እንደምታውቀው ነው፤ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ጥላሸት። እረፍት ላይ የእኛን ሰው ከእነሱ መለየት አቅቶን ነበር። ኳሷን ይዤ የመጨረሻውን መስመር ያለፍኩት፣ ስድስቱንም ነጥብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ፤ ኳስ እንደ ጋለ ብረት ትጥላለህ ስትለኝ የነበርኩት ልጅ። አባባና እማማ ሰላም ይሉሃል። አባባን ትንሽ ጉንፋን ይዞታል እንጂ ደህና ነው።


ከተራራው ሆስፒታል
ዲሴምበር 14 ቀን 1928

ካዝዬ፣

ስለ ቴሌግራሙ አትጨነቅ። ጉሮሮህን ጠርገህ ብትነግረኝም አባባ ያው ሞቶ ነበር።

እዚህ ጥቁር መልበስ አልችልም፤ የሚሰጡን ነጭ ሽርጥ ነው። የማለቅሰው የምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ውስጥ፣ አንሶላ ሲቀቀል ነው። በዚያ እንፋሎት የሁሉም ሰው ዓይን ቀይ ነው፤ ማን ይጠይቀኛል? ከዚያ ፊቴን ታጥቤ፣ ፈገግታዬን ለብሼ ወደ ብሮኒስ እወጣለሁ። አባቷን በስውር የምታለቅስ ልጅ ሆኛለሁ። ይሄንን ለጠላትም አይስጥ።

የጻፍክለትን ሦስቴ አስነበበኝ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ዓመት አልፎኛል፤ ስቆ ስቆ ሳሉ ሲነሳበት ነርሷ መጥታ ተቆጣችኝ። ከጎኑ የተኛው አየርላንዳዊ ነው። ብሮኒስ አየርላንዳዊ ሁሉ የኬርን ሂል ወገን ነው ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲያበሽቀው ዋለ፤ ሰውዬው ኬርን ሂል የት እንዳለ እንኳ አያውቅም። እኔ አልጋው ጫፍ ቁጭ ብዬ አብሬ እስቃለሁ።

አሁን ደግሞ ጨዋታውን በደንብ ጻፍልኝ ይላል። መስመሩን ያለፍከው በስንተኛው ሙከራ ነው? መንገዱን ማን ከፈተልህ? ግዊሊም ጡሩምባውን ነፋላችሁ ወይ? አባባስ ቤት ስትገባ ምን አለህ? እኔ ስለዚህ ጨዋታ የማውቀው ትላልቅ ወንዶች እየተደራረቡ መውደቃቸውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የምትጽፈውን እንዳለ አነበዋለሁ።

የእኔ ጥያቄ ደግሞ አንድ ናት። አባባ ተሠቃየ ወይ? እኔን እንደ ብሮኒስ አትያዘኝ፤ የእኔ ሳንባ ደህና ነው።

እህትህ ማግዴ


ኤልም ጋፕ
ዲሴምበር 20 ቀን 1928

እትዬ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ስለጠየቅሽኝ ነገር፣ ጣሪያው ከኋላው ወርዶ መውጫውን ዘጋበት እንጂ እሱን አልነካውም። ጋዙ እንደ እንቅልፍ ነው። አልተሠቃየም።

ብሮኒስ ግን ስለ ጡሩምባው ጠይቆ ቁስሌን ነካው። እንግዲህ አንቺ ከወጣሽ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው። ሰውና ከሰል ከጉድጓዱ የሚያወጣውን የእንፋሎት ሞተር የሚያንቀሳቅሰው ግዊሊም ከመስኮቱ ሜዳውን ቁልቁል ያያል፤ የእኛ ልጅ መስመሩን ባለፈ ቁጥር የእንፋሎቱን ጡሩምባ አንዴ ይስብልናል። ለኤልም ጋፕ ሰው ከዋንጫው ይልቅ ያቺ ድምፅ ናት ደስታው።

እኔ መስመሩን አልፌ ጭቃው ላይ ስወድቅ ተነፋ። ከዚያ አላቆመም። ግዊሊም ዛሬስ አበደ ተባባልን። ሕዝቡ ወደ መስኮቱ እጁን አነሳ፤ እኔም የቆዳ ቆቤን አውልቄ እጅ ነሳሁት። እሱ እኮ የድረሱልን እየጠራን ነበር። የሞት ጡሩምባ ሲነፋልን ጨፈርን፣ እትዬ። አደጋ ሲደርስ የሚወርዱት ሰዎች በሙሉ ሜዳው ዳር ቆመው ያጨበጭቡ ነበር። የቡድናችን ልጅ የዩርጊስ አባት፣ የነፍስ አድን ሰዎቹ አለቃ፣ እሱ ራሱ ነው ትከሻው ላይ ያወጣኝ። ሜዳውን አዙረውኝ ሳይጨርሱ ግዊሊም የጡሩምባውን ገመድ ከብረት ጋር አስሮ፣ የጥላሸቱን ክምር እየተንከባለለ ወርዶ ደረሰ። ድምፁ ተዘግቶ ስለነበር የነገረን በእጁ ነው።

ይሄን ለብሮኒስ እንዳታነቢለት። የእሱ ከታች አለልሽ።

ካዚስ

ለብሮኒስ

ጋሼ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እነሱ በር ላይ ደረስን፤ ሦስት ጊዜ ሞክረን ሦስቴም ግድግዳ ሆኑብን። አራተኛውና የመጨረሻው ሙከራ ላይ ዩርጊስ የጥርሱን ደም እየተፋ መጣና «ወደ ቀኝ የምትሮጥ አስመስል፤ ከዚያ ከቂጤ ኋላ አትጥፋ» አለኝ። እንዳለኝ አደረግኩ። ኬርን ሂሎች በሙሉ ወደ ቀኝ ሲነጉዱ ዩርጊስ ሁለቱን ጠርጎ መሬት ላይ አስተኛቸው፤ እኔም ኳሷን ብብቴ ሥር ወሽቄ በዚያች ሽንቁር ገባሁ። አንዱ እግሬን ይዞኝ ነበር፤ እየጎተትኩት አለፍኩ። ግዊሊምማ ነፋልን፤ እንደዚያን ቀን ነፍቶ አያውቅም፤ ሸለቆው እስኪሞላ፣ ያላቋረጠ። ቤት ስገባ አባባ «እናትህ ሳታይህ ያንን ሸሚዝ አውልቅ» አለኝ።


ከተራራው ሆስፒታል
ዲሴምበር 28 ቀን 1928

ካዝዬ፣

ስለ ጡሩምባው የጻፍክልኝን አንብቤ ማጠቢያው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ሴቶቹ ሙቀቱ አዞራት ብለው ውሃ አፈሰሱብኝ። ምን ልበልህ? ጥፋተኛ ፈልጌ አንድ ሰው አጣሁ፤ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። የምትረግመው ሰው ሲኖር ሐዘንም ይቀላል።

ብሮኒስ ግን እንግዳ ሆኖብኛል። ስለ ጡሩምባው የጻፍከው ላይ ስደርስ አስቆመኝና እንደገና አንብቢልኝ አለ። አየርላንዳዊውን ማብሸቁን ትቷል። የሚጠይቀኝ ስለ ጨዋታው ብቻ ነው። አንተ መስመሩን ካለፍክ በኋላ ጨዋታው ቀጠለ ወይ? ጡሩምባው ሲነፋ ከሜዳው ዳር የሄደ ሰው ነበር? የዩርጊስ አባት የት ቆሞ ነበር? ትከሻ ላይ አውጥተው እስከ የት ወሰዱህ? ልጅ ሆኖም እንደዚህ ነበር፤ የተጫወተውን ሁሉ ካልደገመው አይተኛም። ሌላ ምክንያት እንዳይኖረው እፈራለሁ፤ ግን ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

ሌላም ጥያቄ አለው። ሰላም ይሉሃል የምትሉት ሰልችቶኛል፤ ከአባባ አፍ የወጣ ቃል ላኩልኝ ይላል። እንደምንም አድርገህ ፈልግለት።

የሚቆርጡት ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ነው።

እኔ ደግሞ ተሠቃየ ወይ ብዬ ጠይቄህ እንቅልፍ ነው አልከኝ። ካዝዬ፣ አንተ ስትዋሽ ዓረፍተ ነገርህ ያጥራል። ከሕፃንነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ።

ማግዴ


ኤልም ጋፕ
ጃንዋሪ 4 ቀን 1929

እትዬ፣

መልካም አዲስ ዓመት ብልሽ ትስቂብኛለሽ።

በገና ዋዜማ እማማ እንደ ሥርዓቱ ለሞተ ሰው የሚቀመጠውን ሳህን በአባባ ቦታ አስቀመጠች። ሦስታችን፣ እሷ፣ እኔና ባዶው ሳህን፣ ዓሣውን በላን። በማግሥቱ ግዊሊም መጣ። ሥራውን ለቆ ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ነው። በሩ ላይ ቆቡን ይዞ ቆመ፤ ሰላሳ ዓመት አብሮን የኖረ ሰው ግባ እስኪሉት ይጠብቃል። ለልጆቹ ደስታ ብዬ የጀመርኩት ነገር ነው ብሎ ሊቀጥል ሲል እማማ አቋረጠችው። «አንተማ ነፋህ» አለችው፤ «ያልሰማነው እኛ ነን።» ከዚያ ሾርባ ሰጠችው። ሲሄድ ግን እኔን ዞራ አላየችኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከምግብህን ብላ በቀር የምትለኝ ነገር የለም።

የቡድኑ አለቃ ዋንጫው እኛ ቤት እንዲቀመጥ ይዞት መጥቶ ነበር። መለስኩት። ከእንግዲህ አልጫወትም፤ ይሄንንም ለብሮኒስ አትንገሪው። ሰው ሁሉ በሕይወቱ የማይረሳው ጨዋታ ይኑረኝ ብሎ ይመኛል። እኔ አገኘሁት፤ ውሰዱልኝ ብል የሚወስድልኝ የለም።

ስለ ሌላው ነገር እባክሽ አትጠይቂኝ።

ካዚስ

ለብሮኒስ

ጋሼ፣ በጥያቄ አዋከብከኝ እኮ። ከሜዳው የሄደ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ መስመሩን ካለፍኩ በኋላም ተጨማሪዋን ነጥብ ሞከርን፤ ሳትናት። ከዚያ ትንሽ ተጫውተን አለቀ። የዩርጊስ አባት ከፊት ነበር፤ ያነሳኝም እሱ ነው፤ ሜዳውን በሙሉ ነው ያዞሩኝ። አባባ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይሄን ጻፍልኝ ይላል፦ ሐኪሙ የሚልህን ስማ፤ ምግብ አትምረጥ፤ በርታ ልጄ።


ከተራራው ሆስፒታል
ጃንዋሪ 9 ቀን 1929

ካዝዬ፣

ቁጭ ብለህ አንብበው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወረቀትህን እያነበብኩለት «በርታ ልጄ» የሚለው ላይ ስደርስ ብሮኒስ ዓይኑን ከጣሪያው ሳያነሳ ተናገረ።

«ይብቃሽ ማግዴ። አባባ በሕይወቱ ሙሉ በርታ ልጄ ብሎኝ አያውቅም። አትልፈስፈስ ነው የሚለው።»

ጉንፋኑ ነው፣ እርጅናው ነው ያለሳለሰው ብዬ ልቀባጥር ስል እጄን ያዘኝ።

«ግዊሊም እንፋሎት እንደ ደሙ የሚቆጥብ ሰው ነው» አለኝ። «ለራሱ ሠርግ እንኳ ሁለቴ አልነፋም። ሳያቋርጥ ከነፋ ጉድጓዱ ውስጥ አደጋ ደርሶ ነው። እሁድ ጉድጓድ ውስጥ ያለው የውሃ መሳቢያው ተረኛ ነው። ካዚስ ሜዳ ላይ ነበር። ታዲያ ማን ነበር?»

ያወቀው ከሁለተኛው ወረቀትህ ጀምሮ ነው። ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት። እናንተ እንደዚያ ስትለፉልኝ ምን ልበላችሁ አለኝ። ደግሞም ማወቅ የሚፈልገው ነገር ነበረው፤ በቀጥታ ቢጠይቅህ እንደማትነግረው ስለሚያውቅ በጨዋታው በኩል ዞሮ ጠየቀህ። ሰዎቹ ጡሩምባው እንደተነፋ ቢሮጡ ይደርሱለት ነበር ወይ የሚለውን ነው የፈለገው። አንተም ሳታውቀው አንድ በአንድ መለስክለት።

ከዚያ አለቀስን። አየርላንዳዊው ተነስቶ መጋረጃውን ጋረደልንና ነርሷን በወሬ ያዘልን። አባቴን በድምፄ አልቅሼ ወጣልኝ። ይቅር በለኝ ካዝዬ፣ አንተ ብቻህን በቀረህበት ነገር እኔ ቀለል ብሎኛል።

ሐኪሙ ልቡን አዳምጦ ደህና ነው ብሏል፤ የሚቆርጡት ማክሰኞ ነው። ይሄንን ቃል በቃል ጻፊልኝ ብሎኛል፤ እነሆ፦

«ካዚስ፣ ያ የውሃ መሳቢያው ዋሻ እኔም የሠራሁበት ነው። እዚያ ጣሪያ ሲወርድ ጋዙ ጊዜ አይሰጥም። አባባ ግዊሊም ገመዱን ሳይነካ አልቋል። ኳሷን ጥላችሁ ያኔውኑ ብትሮጡም የምታወጡት ሬሳ ነበር። ጨፈራችሁም አልጨፈራችሁም አንድ ነው። ስለዚህ ራስህን አትብላ። እኔ አንተን በዚህ ሸክም ትቼ ቢላዋ ሥር መግባት አልፈልግም። አምኜሃለሁ፣ ቀለለኝ የሚል ቃልህን ከማክሰኞ በፊት ላክልኝ።»

እኔም የምለምንህ ይሄንኑ ነው። ቶሎ ጻፍ።

ማግዴ


ኤልም ጋፕ
ጃንዋሪ 11 ቀን 1929

እትዬ፣

መጀመሪያ ያንቺን። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ተሠቃየ ወይ ብለሽ ደጋግመሽ ጠየቅሽኝ፤ እኔም ደጋግሜ ሸሸሁ። የጉድጓድ ሰው ሕግ አለው፤ በቧንቧው የተሰማ ነገር ለሟች ቤት አይነገርም። የዩርጊስ አባትም፣ ሌሎቹም ከንፈራቸው ተሰፍቷል። እኔ ግን ከሰሙትም ነኝ፣ ከሟች ቤትም ነኝ። ወዴት ልሂድ?

እንደወረድን የውሃ መሳቢያው ቧንቧ ላይ ጆሮዬን ጣልኩ። የጨዋታውን ልብስ እንኳ አላወለቅኩም። አባባ ከወዲያ ቧንቧውን እየመታ ነበር። ድንጋይ አንስቼ መታሁለት፤ መለሰልኝ። እነሱ ሲቆፍሩ እኔ እመታለሁ፣ እሱ ይመልሳል፤ ብዙ ቆየን። ከዚያ የእሱ ምት እየደከመ፣ እየራቀ ሄደ። በመጨረሻ የምመታው እኔ ብቻ ሆንኩ። ፍርስራሹን ጥሰን ስንገባ ገላው ገና ሙቅ ነበር። እኔን ትከሻ ላይ አውጥተው ሜዳውን ያዞሩባት ጊዜ ብቻ እሱን በሕይወት ለማውጣት ትበቃ ነበር።

ብሮኒስ ተሳስቶ ይሁን ወይስ ለእኔ ብሎ አውቆ ዋሽቶ፣ አላውቅም። ያንን ዋሻ ከሁላችንም በላይ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ዋሽቶልኝ ይመስለኛል። እኔም ከዚህ በታች የጻፍኩለት ውሸት መሆኑን ብቻዬን ይዤው ልኖር ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም፤ አንድ ሰው ማወቅ ነበረበት። በአንቺ ላይ ስለጣልኩት ይቅር በይኝ። አሁን እንባሽን ጥረጊና ወደ እሱ ውጪ፤ ስታነቢለት ድምፅሽ እንዳይሰበር።

ካዚስ

ለብሮኒስ

ጋሼ፣ ቃልህ ደረሰኝ፤ አመንኩህ። እንዳልከው ነው። ስንደርስ ገላው ከቀዘቀዘ ቆይቶ ነበር፤ ከወዲያ በኩል አንዳችም ድምፅ አልነበረም። የዩርጊስ አባትም ይሄንኑ ሲነግረኝ ሊያጽናናኝ ነው ብዬ አላመንኩትም ነበር። አንተ ግን ዋሻውን ታውቀዋለህ። ደብዳቤህን ለእማማ አነበብኩላት፤ ሰምታ ስታበቃ ራሴን ዳበሰችኝ። ትናንት ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ቀሎኛል ጋሼ፣ ሸክሜን ከላዬ አንስተህልኛል። ስለ እኔ ምንም አታስብ። ማክሰኞ ተኛ ሲሉህ ልብህን አሳርፈህ ተኛላቸው።

ወንድምህ ካዚስ